የነፍሰ ጡሯ ክብሪት ያዥ

ጋሽ ማንደፍሮ ቤት እግራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ኪሳችሁን ማራገፍ አለባችሁ። ቀልድ አይደለም። ሮተርዳም ዙይድ ያለውን አሮጌ ፎቅ ወጥታችሁ ስታንኳኩ በሩ ገርበብ ይልና መጀመሪያ ብቅ የሚለው ሰላምታ ሳይሆን ቆርቆሮ ነው፤ ስትሮፕዋፍል የሚሉት የሆላንድ ብስኩት ተበልቶ ያለቀበት ክብ ቆርቆሮ። «ላይተርም ሆነ ክብሪት፣ ያለውን እዚህ!» ይላሉ ጋሽ ማንደፍሮ። ካስረከባችሁ በኋላ ግን አቤት ፍቅር! ማቀፍ፣ መሳም፣ «እንዴት ከረማችሁ፣ ምነው ጠፋችሁ» ማለት፣ ከዚያ ደግሞ ካልበላችሁ ሞቼ እገኛለሁ ማለት ነው።

ከዚህ ሕግ ነፃ የሆነ ሰው የለም። የንስሐ አባታቸው እንኳ ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት ለጧፉ የያዙትን ክብሪት ቆርቆሮው ውስጥ ጥለው ነው የገቡት። ጧፉስ? ጧፉ ሳይበራ ጸሎቱ ተደረሰ፤ ምን ይደረግ! ባለቤታቸው ወይዘሮ ውድነሽ ሥዕሉ ፊት የሚያበሯት ሻማም በባትሪ የምትሠራ ናት። አከራዩ ድርጅት ጋዝ ቆርጦ በኤሌክትሪክ ምድጃ የተካ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያጉረመርም፣ ጋሽ ማንደፍሮ ግን ሠራተኞቹን ድፎ ዳቦ ቆርሰው አበሏቸው። የልጅ ልጃቸው ሄርሜላ በልጅነቷ የልደት ሻማዋን አንድ ቀን ቤት ውስጥ እፍ ብላ አታውቅም። ኬኩን ተሸክመው ታች ሜዳው ላይ ያወርዱታል፣ የሮተርዳም ነፋስ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ያጠፋባታል፣ እሷም ታለቅሳለች።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ ወይዘሮ ውድነሽ፣ እንግዳው ቅር እንዳይለው። «የኔ ባል ደግሞ እባቡን ማየት ብቻ አይደለም፣ አብሮት ነው የኖረው።»

እውነታቸውን ነው። ጋሽ ማንደፍሮ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። የባሕር ኃይል ሲባል ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ኮፍያ ገደድ አድርጎ ኮረዳ የሚያማልለው እንዳይመስላችሁ። እሳቸው የነበሩባት መርከብ ከአሰብ እየጫነች ለሌሎቹ መርከቦችና ለደሴቶቹ ጥይትና የመድፍ ተተኳሽ የምታደርስ፣ ዝገቷ ከቀለሟ የበዛ አሮጊት ነበረች። በወረቀት ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። መርከበኞቹ «ነፍሰ ጡሯ» ይሏታል። ሆዷ ባሩድ ነዋ! ነፍሰ ጡር አጠገብ ሰው እንደማይጯጯህ፣ እንደማይሯሯጥ ሁሉ፣ እሷም ላይ ሩጫ የለም፣ ጩኸት የለም። ጫማም የለም፤ የወታደር ቦት ጫማ ሶሉ ላይ ሚስማር አለው፣ ሚስማር ከብረት ወለል ጋር ሲፋጭ ብልጭ ይላል፣ ብልጭ ካለ ደግሞ ያለቀለት ነው። ስለዚህ ጫማውን ሁሉም ከመወጣጫው ሥር አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የሚወጣው። ክብሪቱን ደግሞ እዚያው መወጣጫው ላይ ለቆመ አንድ ሰው ያስረክባል። ያ ሰው ክብሪት ያዥ ይባላል። ነፍሰ ጡሯ ላይ ክብሪት ያዡ ማንደፍሮ ነበሩ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ነፍሰ ጡሯ ላይ ደህና ሁን የሚባል ነገር አልነበረም። ጥሩ አይደለም ይላሉ፤ ደህና ሁን ያለ ሰው የሚሄድ ሰው ነው። መርከበኛው ወደ ሆዷ ሊወርድ ሲል ክብሪቱን ለማንደፍሮ እየሰጠ የሚላት ቃል አንዲት ናት፦ «ክብሪቴን ያዝልኝ።» መጥቼ እወስዳለሁ ማለት ነው። ክብሪት ያዡም የወረደው ሁሉ ወጥቶ ክብሪቱን እስኪረከብ ከመወጣጫው ንቅንቅ አይልም። ዝናብም ይዝነብ፣ ፀሐይም ይክረር፣ ንቅንቅ የለም።

አንድ ቀን ግን፣ አሰብ ወደብ ላይ፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያቀልጥበት ወር፣ ታች የከረመ አሮጌ ባሩድ በራሱ ጊዜ መጋል ጀመረ። ማንም ክብሪት አልጫረም፣ ማንም ጫማ አላደረገም፣ ማንም አላጠፋም። እንዲያው ከሆዷ ቀጭን ጭስ ብቅ አለ። ውኃውን የሚለቀው ቧንቧ ያለው ታች ነው፤ አንድ ሰው ወርዶ በእጁ መክፈት አለበት። አድማሴ የሚባል የጅሩ ልጅ፣ ሳቂታ፣ ዘፋኝ፣ ማንም ሳያዘው ወረደ። መዝጊያውን ከውስጥ ዘጋው። ውኃውን ለቀቀው። ነፍሰ ጡሯ ተረፈች፤ ወደቡም፣ ከተማውም ተረፈ። አድማሴ አልወጣም። ማንደፍሮ የአድማሴን ክብሪት ጨብጠው መወጣጫው ላይ እንደቆሙ መሽቶባቸው፣ ጓደኛቸው ዘገየ ነው እጃቸውን ጎትቶ ያወረዳቸው።

ያቺ ክብሪት የመንን አይታለች፣ የስደተኛ መጠለያ አይታለች፣ ዛሬ በነጭ መሐረብ ተጠቅልላ ሮተርዳም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ውድነሽ ያውቃሉ። ጋሽ ዘገየም፣ አሁን እዚሁ ጎረቤት ከተማ ስኪዳም የሚኖሩት፣ ያውቃሉ። ከዚያ ውጭ ለማንም አልተነገረም።

የሄርሜላን ነገር ልንገራችሁ። እናቷ ሳያት፣ የጋሽ ማንደፍሮ ልጅ፣ ሌላ ከተማ ዲመን ነው የምትኖረው፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ ልጅቱ ያደገችው እነ ጋሽ ማንደፍሮ ዘንድ ነው። የአያት ልጅ ናት እንግዲህ፤ ታውቁታላችሁ የአያት ልጅን። አያቷን «ኦፓ» እያለች፣ አንተ እያለች ነው ያደገችው። ሰው ፊት «ይቺ ባለጌ፣ አንቱታ የማታውቅ!» ይሏታል፤ ሰው ሲሄድ ግን ያ «ኦፓ፣ አንተ እኮ!» የሚለው ድምፅ በጆሯቸው ማር ነው። ትምህርቷን ስትጨርስ ማሪነ ገባች፤ የኔዘርላንድስ ባሕር ኃይል። ጋሽ ማንደፍሮ ያን ዕለት በደስታ አለቀሱ። የደንብ ልብሷን የተኮሱላት እሳቸው ነበሩ፤ እጥፋቱ ጣት ይቆርጥ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ እሑድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ ጋሽ ዘገየም ባሉበት፣ ልጅቱ ፊቷ እየበራ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ኦፓ፣ መርከቤን አወቅኩ! የስንቅና የትጥቅ መርከብ ላይ ነኝ። ባሕር ላይ እያለን ለሌሎቹ መርከቦች ነዳጅና ጥይት የምናቀብለው እኛ ነን። እኔ ደግሞ የጥይቱ ክፍል ነኝ።»

ጋሽ ማንደፍሮ የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። «ሌላ ክፍል ጠይቂ» አሉ።

«ለምን? ጎበዝ ስለሆንኩ እኮ ነው የመረጡኝ።»

«ጎበዞቹን ነው የሚበላው። ሌላ ጠይቂ ብያለሁ።»

«ኦፓ፣ ዱ ኖርማል፣ ረጋ በል እንጂ! ሥራዬን እወደዋለሁ።»

ተነሱ። «እንግዲያው ምርቃቴን አትጠብቂ። እዚያች መርከብ ላይ መርቄ አልልክሽም» ብለው መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሄርሜላ ቁጭ ብላ ቀረች። የትም ስትሄድ፣ ለፈተና እንኳ፣ ለመዋኛ ዲፕሎማ እንኳ፣ አያቷ ሳይመርቋት ወጥታ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ዝም ዝም ሆነ። ሄርሜላ ትደውላለች፣ ወይዘሮ ውድነሽ ያነሳሉ፣ ጋሽ ማንደፍሮ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ደግሞ ስልኩ ሲዘጋ «ምን አለች? ትበላለች? ድምፅዋ ደህና ነው?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። «ራስህ አንስተህ አትጠይቃትም፣ አንተ ሰው!» ይላሉ ወይዘሮ ውድነሽ። ወይ ፍንክች! ሌሊት ግን ሲገላበጡ ሚስታቸው ይሰማሉ። ፈርተው ነበር፤ እውነቱ ይሄ ነው። ምርቃቱን የከለከሉት ልጅቱን ያስቀርልኝ እንደሆነ ብለው ነው እንጂ ጨክነው አልነበረም።

በመጨረሻ መርከቧ ለግማሽ ዓመት ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት ሮተርዳም መጣችና ቤተሰብ ገብቶ እንዲጎበኝ ተፈቀደ። ጋሽ ዘገየ ከስኪዳም በጠዋት መጡ፣ ላይተራቸውን ቆርቆሮው ውስጥ ሳይጥሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልበስ» አሉ።

«አልሄድም።»

«ስማ፣ እኔ ከነላይተሬ ገብቼ ሳሎንህ ውስጥ አጨሳለሁ። ምረጥ!»

ጋሽ ማንደፍሮ ኮታቸውን ለበሱ። «ለማየት ብቻ ነው» እያሉ፣ ሜትሮው ውስጥ የማስን ወንዝ እስኪሻገሩ ድረስ «ለማየት ብቻ ነው» እያሉ ሄዱ። ወይዘሮ ውድነሽ ለልጅቱ የጋገሩትን ዳቦ ጭናቸው ላይ አድርገው «እሺ፣ ማየትም ማየት ነው» ይሏቸዋል።

ወደቡ ላይ ሲደርሱ ሳያት ከዲመንም ከሄግም የቤተ ክርስቲያን ሰው ሰብስባ ጠበቀቻቸው፤ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከረባት ያሰሩ አባወራዎች፣ ቆሎ የያዘ፣ አበባ የያዘ። መርከቧ ግራጫ ናት፣ እንደ ኮንዶሚኒየም የረዘመች። ጋሽ ማንደፍሮ ሽቅብ አዩዋት። ጋሽ ዘገየም አዩዋት። መወጣጫው ሥር ሲደርሱ ጋሽ ማንደፍሮ ጎንበስ አሉና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ጋሽ ዘገየም አወለቁ፤ ቀጥሎም ላይተራቸውን አውጥተው መወጣጫው ላይ ለቆመችው ወርቃማ ፀጉር መርከበኛ በሁለት እጃቸው አስረከቧት። ልጅቱ ላይተሩን ይዛ አፏን ከፍታ ቀረች።

ከኋላ ያሉት እናቶች ይሄን አዩ። «ምንድነው፣ ጸሎት አለ እንዴ?» አለች አንዷ። «አባቶች ካወለቁማ እኛ ማን ነን!» አለች ሌላዋ። ምን አለፋችሁ፣ ወገን ሁሉ ጫማውን ማውለቅ! ተረከዙ የረዘመው፣ የሰንበቱ፣ ስኒከሩ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተደረደረ። ከእነሱ ኋላ የቆሙት ፈረንጆችም ደንቡ መስሏቸው ማሰሪያቸውን መፍታት ጀመሩ። ወርቃማ ፀጉሯ ልጅ «ጫማ ማድረግ ይቻላል እኮ፣ ግዴለም!» እያለች በደችኛ ብትለምን ማን ይስማት!

ይሄኔ ሄርሜላ ከላይ አየቻቸው። አያቷን በካልሲ ስታይ መወጣጫውን በሩጫ መውረድ ጀመረች።

«አትሩጪ!» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

በሹክሹክታ ነው ያሉት፤ ነፍሰ ጡሯ ላይ የለመዱት ሹክሹክታ። ከስንት ጊዜ በኋላ ለልጅቱ የተናገሯት የመጀመሪያ ቃል ይቺ ነበረች። ሄርሜላ ባለችበት ቀጥ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እግሯን እየመረጠች ወረደች። የተደረደረውን ጫማ አየች፣ የአያቷን ካልሲ አየች፣ ለጓደኛዋ በደችኛ «ተያቸው» አለችና እሷም ተቀምጣ የቦት ጫማዋን ማሰሪያ ፈታች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

«አንተ ካወለቅክ አወልቃለሁ» አለች።

ጥይቱ ወደሚቀመጥበት ወደ መርከቧ ሆድ ይዛቸው ወረደች። ጋሽ ዘገየም ተከተሉ። ሌላው ሰው ከላይ ቀረ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ባዶ።

«ባዶ ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ዘገየ።

«ሰው በሚገባበት ቀን ምንም አይኖርም። ጭነቱን መነሻ ወደባችን ደን ሄልደር ተመልሰን ነው የምንወስደው።»

«በይ እንግዲህ፣ ለባዶ ቤት ነው እግራችን የቀዘቀዘው!»

ጋሽ ማንደፍሮ አልሳቁም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። አሸተቱ። ጣሪያው ላይ የተዘረጉትን ቧንቧዎች ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ቢግልስ?» አሉ።

«ሙቀቱን መሣሪያ ያየዋል። ከፍ ካለ ውኃው ከነዚያ ቧንቧዎች ይወርዳል።»

«ማነው የሚወርደው?»

«ውኃው።»

«ውኃውን አውቃለሁ። ሰውስ? ማነው ወርዶ የሚከፍተው?»

«ማንም አይወርድም ኦፓ። ከላይ ነው የሚከፈተው።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ጋሽ ማንደፍሮ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ሰማህ ዘገየ? ማንም አይወርድም አለችህ።» ጋሽ ዘገየ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሁለቱም አንድ ሰው ነበር ያሰቡት፤ የጅሩን ልጅ፣ ዘፋኙን። ይቺ ከላይ የምትከፈት ነገር ያኔ ብትኖር ዛሬ እሱም አርጅቶ፣ ስኪዳም ወይ ፍቼ ተቀምጦ፣ ሪህ አመመኝ እያለ ያማርር ነበር።

ሄርሜላ አያቷ እግር ሥር በርከክ አለች። «ግን አልዋሽህም» አለች። «ጥይት ጥይት ነው። ምንም አይደርስም ብዬ አልምልልህም፤ እዚህ ማንም እንደዚያ ብሎ አይምልም።»

«ብለሽ ቢሆን ኖሮ ውሸታም ብዬሽ እሄድ ነበር» አሉ። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ፈራሁ፣ ልጄ። የተቆጣሁ አስመሰልኩ እንጂ ፈርቼ ነው። ሁሉን አስተካክለን እኮ ነው የነደደው። ማንም ሳያጠፋ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ከየት ታውቂያለሽ?»

እጇን ኪሷ ከትታ አንዲት ነገር አወጣችና መዳፋቸው ላይ አኖረች። የክብሪት ሳጥን ነበረች። ሄርሜላ ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ሳጥኗም ገና አልተከፈተችም።

«ክብሪቴን ያዝልኝ» አለች።

ጋሽ ማንደፍሮ ቀና ብለው ጋሽ ዘገየን አዩ። ጋሽ ዘገየ በድንገት አንዱን ቧንቧ እንደ ትልቅ ነገር መመርመር ይዘው ነበር። «ምን ላድርግ!» አሉ ሳይዞሩ። «ኦፓ ለምን ጠላኝ ብላ መኪናዬ ውስጥ ስታለቅስ ዝም ልበላት?»

ጋሽ ማንደፍሮ ክብሪቷን አልጨበጧትም። መዳፋቸው እንደተዘረጋ ነው። «ክብሪት ያዥ ምን እንደሆነ ነግሮሻል?» አሉ። «የወረደው ሁሉ እስኪመለስ ንቅንቅ አይልም። ይሄ ሥራ ነው፣ ጨዋታ አይደለም። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ፣ ሄርሜላዬ። ልቤን ሃውስአርትሱ፣ የቤተሰብ ሐኪሙ፣ በየወሩ ነው የሚያዳምጠው። ግማሽ ዓመት ረጅም ነው።»

«እንግዲያው ንቅንቅ አትበል!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ልመለስ፣ አንተም ጠብቀኝ። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ መፍራት የማይፈቀድልኝ?»

ይሄን አላሰቡትም ነበር። እሷም ለእሳቸው ትፈራ እንደነበር፣ በእያንዳንዱ ስልክ «ኦፓ መድኃኒቱን ዋጠ?» ትል እንደነበር ያኔ ነው ልባቸው ውስጥ የገባው። ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። ክብሪቷን ጨበጧት።

«ይዣለሁ» አሉ።

ከዚያ ተነሱ፤ በካልሲ እንዳሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። «ባሕሩ ይለዝብልሽ። ብረቱ ይቀዝቅዝልሽ። እሳት ስምሽን አይወቀው። በእግርሽ ወርደሽ በእግርሽ ውጪ። የላከሽ ጌታ ይመልስሽ፤ እኔንም ለመምጫሽ ቀን ያቆየኝ።»

«አሜን!» ሲባል ከላይ ነው የተሰማው። ለካስ እናቶቹ በነጠላቸው፣ ወይዘሮ ውድነሽ ዳቦአቸውን እንዳቀፉ፣ በመውረጃው አፍ ዙሪያ ጎንበስ ብለው ሁሉንም ሲሰሙ ነበር። ወርቃማ ፀጉሯም ልጅ አብራ «አሜን» አለች፤ ላይተሩን አሁንም እንደያዘች ናት።

ሲመለሱ ጫማ ፍለጋው ራሱን የቻለ ጦርነት ነበር። አንዲት እናት የሰው ጫማ አድርገው ሄግ ድረስ ሄደዋል ተብሎ እስከ ዛሬ ይሳቅባቸዋል።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ውድነሽ ቀድመው ገቡና በሩን ገርበብ አድርገው ቆርቆሮውን ዘረጉ። ሳቃቸውን ማፈን አቅቷቸዋል። «ላይተርም ሆነ ክብሪት፣ ያለውን እዚህ!»

ጋሽ ማንደፍሮ ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ይሄ አይሆንም» አሉ። «የሰው አደራ ነው።»

ከነክብሪታቸው ገቡ። መሳቢያውን ከፈቱ፤ ነጩን መሐረብ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ወይዘሮ ውድነሽ እዚያው አብረው የሚያስቀምጧት መስሏቸው ነበር። እሳቸው ግን መሳቢያውን መልሰው ዘጉት። የሄርሜላን ክብሪት በሩ አጠገብ፣ ኮት መስቀያው ሥር ያለችው መደርደሪያ ላይ አኖሯት፤ ልጅቱ ስትመጣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እጇን ዘርግታ የምታነሳበት ቦታ ላይ።